ምን ያዘው? ስለ ካንዴላ አፈታትና ተጣብቆ ስለሚቀር ነገር

ይህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመኪና ባለቤቶችና ለጀማሪ መካኒኮች ያደረግሁት ንግግር ነው። በጽሑፍ እንፈልገዋለን ያሉ ስለበዙ፣ የተናገርኩትን ብዙም ሳልነካካ አስፍሬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ? የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር አስቀምጫለሁ። አንዱ ያረጀ ካንዴላ ነው፤ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሰው ዕቃ። ጠጋ ብላችሁ እዩት። የሚጠመዘዝበት ጥርሱ መሀል ክር የመሰለ ነጭ ብረት ተጠምጥሞበታል። ያ ነጭ ብረት የካንዴላው አይደለም። የቴስታታው፣ ማለትም ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ አናት፣ ጥርስ ነው፤ ካንዴላው ሲወጣ ይዞት ወጣ። ሌላው ከተቀየረ የፊት መስታወት ላይ የተቆረጠ ቁራጭ ነው። የአራት ዓመት ቦሎ ተደራርቦበታል። ጥጉ ላይ ደግሞ ጭረት አለ። በካቻቢቴ ጫፍ የተፋቀ ነው።

ካንዴላና ቦሎ ምን ያገናኛቸዋል ትሉ ይሆናል። ሁለቱም ላይ ሰው በጉልበት ታግሏል። ሁለቱም ላይ የተበላሸው፣ መበላሸት ያልነበረበት ውዱ ነገር ነው። ካንዴላው ርካሽ ነው፤ የሄደው ቴስታታው ነው። ቦሎው ጊዜው ያለፈ ወረቀት ነው፤ የሄደው መስታወቱ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ጥያቄ ነው። አንድ ነገር አልነቃነቅም ሲል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን "እንዴት ልንቀለው?" የሚለው ነው። ከዚያ በፊት "ምን ያዘው?" በሉ። ዝገት ነው? ጥቀርሻ ነው? ሙጫ ነው? ወይስ ባለፈው ያሰረው ሰው ከልክ በላይ አጥብቆት ነው? መልሱ መሣሪያውን ይመርጥላችኋል።

ይህን ጥያቄ የተማርኩት በሰው ንብረት ላይ ነው። ጋራዥ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ መጣ። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው። ከስታዲየም አካባቢ ሰው ጭነው ሲመላለሱ ውለው፣ ሞተሩ እንደጋለ ነው ያስገቡት። "የኔ ልጅ፣ ካንዴላውን ቶሎ ቀይርልኝ፣ ሰው ይጠብቀኛል" አሉኝ። ሦስቱ ወጡ። አራተኛው እምቢ አለ። እኔም የመፍቻው እጀታ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰካሁበትና ተንጠለጠልኩ። መጀመሪያ ጭጭ አለ። ቀጥሎ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በድንገት ለሰለሰ። ዕድሜ ልኬን የማልረሳው ያንን መለስለስ ነው። የተፈታ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሳወጣው ይህ ጠረጴዛው ላይ ያለው ካንዴላ ነበር።

አለቃዬ መጥቶ አየው። አልተቆጣም። "ምን ያዘው ብለህ ጠየቅህ?" ብቻ አለኝ። ባለቤቱም አልጮኹም። "ስንት ቀን ይፈጃል?" አሉ። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ ጥርስ ተተከለለት፣ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ መሀል የሚገባው ማሸጊያ፣ ተገዛ። ሦስት ቀን ሥራ ፈቱ። የሦስት ቀን የቤት ወጪ ከየት እንዳመጡ አላውቅም። ካንዴላውን ግን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው፤ ቴስታታም፣ ካቻቢቴም፣ ቡሎንም። ስሙ ሥራውን ይገልጸዋል። ቤንዚንና አየር ተቀላቅሎ ሲታመቅ እሳት የሚለኩሰው እሱ ነው። ሞተራችሁ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ እያንዳንዱ ካንዴላ 1,500 ጊዜ ይተኩሳል። በሰከንድ 25 ጊዜ ማለት ነው። በየተኩሱ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይደርሰዋል። አሁን ለምናውቀው ካንዴላ መንገድ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1902 የቦሽ መሐንዲስ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ ነው። ከዚያ ወዲህ ብረቱም ሸክላውም ተሻሽሏል። ነገር ግን አሁንም በጥርስ ነው የሚታሰረው። ችግሩም እዚያ ጥርስ ላይ ነው።

ካንዴላን የሚይዙት ነገሮች ብዙ አይደሉም። አንዱ ከልክ ያለፈ ማጥበቅ ነው። ሌላው የሁለት ብረቶች ጠብ ነው። የካንዴላው ጥርስ ብረት፣ ቴስታታው አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ነው። እርጥበት መሀላቸው ሲገባ አልሙኒየሙ ይበላና ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያበቅላል። ይሄ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። ሦስተኛው ጥቀርሻ ነው። ቤንዚኑ ከሚቃጠልበት ከሲሊንደሩ በኩል፣ ጥርሱ በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ይጋገራል። ካንዴላው ሲወጣ ያንን ጥቀርሻ በጥርሱ መሀል እየጎተተ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ እሺ ብሎ መሀል ላይ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ጥቀርሻን ካነሳን ስለ ከተማችን አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ያለው የድሮ መኪና ይህን አያውቅም። ለቆላ በተሠራበት ልክ ቤንዚኑን ያፈሳል፤ አየሩ ግን የለም። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛል፣ ጭስ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። ቤንዚኑን በኮምፒውተር የሚመጥኑት አዳዲሶቹ ሞተሮች ራሳቸውን ያስተካክላሉ። እነሱም ቢሆኑ ሌላ ፈተና አለባቸው። ካንዴላ ጫፉ 450 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጥቀርሻውን ራሱ ያቃጥላል። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሁለት ኪሎ ሜትር፣ በትራፊክ ተይዞ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ተነድቶ ሲጠፋ ግን እዚያ ሙቀት ላይ በወጉ አይደርስም። ልጅ ለማድረስ ብቻ የምትነሳ መኪና ካንዴላዋ ጥቁር ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ። አልፎ አልፎ ከከተማ ወጣ አድርጋችሁ ንዷት።

ስለ መሣሪያ። ብዙ ብር አያስፈልግም፤ ትክክለኛው ግን ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የካንዴላ ቡሶላ ነው፤ ካንዴላው አናት ላይ የሚሰካው ባለ ቀዳዳ መፍቻ። እንደ ላዳ ባሉ የቆዩ መኪኖች ላይ 21 ቁጥር ነው የሚገጥመው። በብዙዎቹ የኛ ከተማ ቶዮታዎች ላይ 16 ነው። በአንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ደግሞ ወደ 14 ወርዷል። "ሊሆን ይችላል" በሚል ቁጥር አትሞክሩ። ልኩ ያልሆነ ቡሶላ የካንዴላውን ጠርዝ ያሟልጨዋል፤ ያን ጊዜ ገና ያልጀመራችሁት ሥራ ሁለት ሆነ።

ተራ ረጅም ቡሶላና የካንዴላ ቡሶላ አንድ አይደሉም። የካንዴላው ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ካንዴላው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ጠባብ ስለሆነ። ውስጡ ደግሞ ካንዴላውን የሚይዝ ጎማ ወይም ማግኔት አለው። እኔ ማግኔቱን እመርጣለሁ። ጎማው ሲያረጅ ያብጥና ካንዴላውን ነክሶ ይይዛል። አዲሱን አስራችሁ ስትስቡ ቡሶላው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፣ በእጃችሁ የሚመጣው ማስረዘሚያው ብቻ ይሆናል። አሁን ፈገግ ያላችሁት ይሄ የገጠማችሁ ናችሁ።

ቀጥሎ ማስረዘሚያ። ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። መፍቻው ትንሽ እንኳ ዘመም ካለ ቡሶላው ነጩን ሸክላ ይጫነዋል። ሸክላው ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ዓይን አያየውም፤ እሳቱ ግን ያገኘዋል። መኪናው ዳገት ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ባለቤቱ ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ቦቢና ይቀይራል፣ ፓምፕ ይቀይራል። ስለዚህ ካንዴላ ከእጃችሁ ወድቆ ሲሚንቶ ከነካ፣ አዲስም ቢሆን አትግጠሙት። ቦታው ጠባብ ከሆነ ክሮቼራ ያለው፣ ማለትም የሚታጠፍ መገጣጠሚያ ያለው ማስረዘሚያ አለ፤ እሱን ተጠቀሙ።

እጀታ ላይ የኔ ምክር ቲ ቁልፍ ነው። በሁለት እጅ እኩል ስለሚያዝ ወደ አንድ ወገን አይጎትትም። ጣታችሁም የሚሆነውን ይሰማል። ሲጥ ማለቱን፣ መክበዱን፣ መልቀቁን እጅ ያውቃል። በአየር የሚሠራውን መፍቻ ግን ካንዴላ አጠገብ አታምጡት። እሱ ምንም አይሰማም።

አሁን አንድ ቪትስ ፊታችን ቆማለች እንበል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ጠዋት ሳይነሳ ከሆነ በጣም ጥሩ። አልሙኒየምና ብረት ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ አልሙኒየም እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። በጋለበት ስታሽከረክሩት ለስላሳው አልሙኒየም ተፋትጎ ይላጣል። የላዳው ታሪክ ይሄ ነው። "ሰው ይጠብቀኛል" ብለው ሲያጣድፏችሁ "ጋሼ፣ ሻይ ጠጥተው ይምጡ" ማለት ነውር የለውም።

ከዚያ የቦቢናዎቹን ሶኬት ታላቅቃላችሁ። መያዣዋ ፕላስቲክ ናት፤ በሙቀት ደርቃለች። በካቻቢቴ አትፈልቅቋት፣ በአውራ ጣት ተጭናችሁ ሳቡ። ቡሎኗን ፈታችሁ ቦቢናውን ወዲያና ወዲህ ጠምዝዛችሁ አንሱት። መጠምዘዙ የግድ ነው። የታችኛው ጎማ ሸክላው ላይ ተጣብቆ ይሆናል፤ ቀጥ አድርጎ የሚስብ ሰው ጎማውን ቀዶ ግማሹን እታች ይተወዋል።

ካንዴላውን ከመንካታችሁ በፊት ጉድጓዱን በአየር ንፉት። ኮምፕሬሰር ከሌለ የጎማ መንፊያ ይበቃል። ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አቧራ አለ፣ አሸዋ አለ። ካንዴላው ሲነሳ ሁሉም ወደ ሲሊንደር ይወርዳል። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካገኛችሁ ደግሞ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን አርጅቷል ማለት ነው። ዘይቱን በጨርቅ ሳትመጥጡ አትፍቱ።

አሁን ፍቱ። ቀለል ብሎ ከተነሳ ተገላገላችሁ። ካልተነሳ ግን ቁሙ። የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ካንዴላው እግር ሥር ትንሽ ርጩና ተዉት። አሥር ደቂቃ አይደለም። ጊዜ ካላችሁ ይደር። ዘይቱ የሚሠራው በጥርሶቹ መሀል እየሰረገ ነው፤ ያ ደግሞ በመቸኮል አይሆንም። በማግስቱ ከመፍታታችሁ በፊት ጥቂት ወደ ማጥበቂያው ነቅነቅ አድርጉት። ትንሽ ብቻ፤ ዝገቱ እንዲሰነጠቅ ነው። ከዚያ ሩብ ዙር ፍቱ። ከበደ? መልሳችሁ አስገቡት፣ ዘይት ጨምሩ፣ እንደገና ፍቱ። ሁለት እርምጃ ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ። እየዞረ ሳለ እየከበደ ከመጣ ጥቀርሻው ጥርሱ መሀል ገብቷል ማለት ነው፤ ወደፊት መግፋት ጥርሱን መግፈፍ ነው። ለአንድ ካንዴላ አንድ ሰዓት ብትወስዱ ማንም አይታዘባችሁ። ሲያልቅ የረጨነው ዘይት ተቃጥሎ ትንሽ ጭስ ይወጣል። ይጠፋል።

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2008 ባሉት የፎርድ ኤፍ 150 መኪኖች ላይ 5.4 ሊትር፣ በሲሊንደር ሦስት ቫልቭ ያለው ሞተር ነበር። ካንዴላው ከሁለት ክፍል የተገጠመ፣ ጫፉ ረጅም ነበር። ጥቀርሻ ጫፉን ከቴስታታው ጋር ያጣብቀዋል። ሲፈታ የላይኛው ይወጣል፣ የታችኛው ተሰብሮ እዚያው ይቀራል። ፎርድ ለመካኒኮች ያወጣውን መመሪያ ሳነብ አለቃዬን ነው ያስታወሰኝ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ ይላል። ካንዴላውን ከሩብ ዙር ሳታሳልፍ አላላው፣ የካርቡሬተር ማጽጃ ፈሳሽ ጉድጓዱ ውስጥ ጨምር፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ ወዲያና ወዲህ እያልክ አውጣ። የተያዘው በጥቀርሻ ስለሆነ ጥቀርሻ የሚፈታ ነገር ሰጡት።

ካንዴላው ከወጣ በኋላ አትጣሉት፤ አንብቡት። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡና ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተራችሁ ደኅና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ቤንዚን መብዛቱን፣ ወይም ሞተሩ ሳይሞቅ መነዳቱን ይናገራል። የረጠበና የሚያብለጨልጭ ጥቁር ከሆነ ዘይት እየገባ ነው። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ከመጠን በላይ እየጋለ ነው። በየትኛው ሲሊንደር ላይ እንደነበር በቅደም ተከተል አስቀምጡት። ለመካኒካችሁ ከመቶ ቃል የበለጠ ይነግረዋል።

አዲሱን ስታስገቡ መፍቻ አትጠቀሙ። ይህን በጣም አስምሩበት። አንድ ክንድ የማትሞላ የቤንዚን ጎማ ቱቦ ቆርጣችሁ የካንዴላውን አናት ስኩበት። ቱቦውን በጣታችሁ እያሽከረከራችሁ አስገቡት። ጥርሱ በትክክል ከገባ ያለ ምንም ችግር ይወርዳል። ከተጣመመ ቱቦው ካንዴላው ላይ ይንሸራተታል፣ አይገባም። ቱቦው ጥርስ ለማበላሸት ጉልበት የለውም። ይህችን ቁራጭ ከስንት ዘመናዊ መሣሪያ አስበልጣታለሁ።

ማጥበቁስ? ጥርሱ 14 ሚሊ ሜትር ለሆነ፣ ቀለበት ላለው ካንዴላ በአልሙኒየም ቴስታታ ላይ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው። የመኪናችሁ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ከሰጠ መጽሐፉን ስሙ። 25 ማለት ምን ማለት ነው? 25 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ አሥር ኪሎ መግፋት ነው። በቃ። እኔ ያን ጊዜ የሰካሁትን ቧንቧ አስቡ። እጀታውን ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ካስረዘማችሁት ያው አሥር ኪሎ 75 ኒውተን ሜትር ይሆናል። እኔ ደግሞ አሥር ኪሎ አልነበርኩም። ቶርክ ሬንች፣ የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካው መፍቻ፣ ከሌላችሁ አዲሱን በእጅ እስኪቆም አስገቡና ከዚያ ግማሽ ዙር ጨምሩ። ቀለበቱ ሲጨፈለቅ ይሰማችኋል።

አንዳንዶች ጥርሱን ግራሶ ይቀባሉ፣ ለሚቀጥለው እንዲቀል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን የተቀባ ጥርስ ይንሸራተታል፤ በዚያው ጉልበት ከሚገባው በላይ ይጠብቃል። ታላላቅ የካንዴላ አምራቾች ጥርሱ ከፋብሪካ ተለብጦ ስለሚመጣ አትቀቡ ይላሉ። እኔም ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ መስታወቱ እንምጣ። ቦሎ፣ የሻጭ ማስታወቂያ፣ ናስትሮ፣ ሁሉም ጀርባቸው ላይ ያለው ሙጫ ቢጫኑት የሚይዝ፣ ግን የማይደርቅ ነገር ነው። ፈሳሽም አይደለም፣ ጠጣርም አይደለም። የሚይዘውም ለዚህ ነው፤ መስታወቱ ላይ ያለችውን ጥቃቅን ጎድጓዳ ሁሉ ይሞላል። ፀሐይ ለዓመታት ሲመታው ደግሞ እየጠነከረ ይሄዳል።

ሰው የሚሳሳተው ምን ላይ ነው? ዘይት ያመጣና በቦሎው ላይ ይቀባል። የቦሎው ፊት ግን የተለበጠ ነው፤ ዘይቱ ወደ ሙጫው አይደርስም። መጀመሪያ ፊቱ ይነሳ። በፀጉር ማድረቂያ አንድ ሁለት ደቂቃ አሙቁት። ሙጫው ይለሰልሳል። ከጥጉ በጥፍር ቀስ አድርጋችሁ አንሱ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ አጥፋችሁ ተኝቶ እንዲመጣ ሳቡት። ወረቀት ተቀዶ ከቀረ እርጥብ ጨርቅ ለጥፉበት፤ ወረቀት ውሃ ይወዳል። ከዚያ የሚቀረው ሙጫ ብቻ ነው። አሁን ነው የዘይት ጊዜው። የምግብ ዘይት ይሆናል። ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ለጥፉና ሩብ ሰዓት ተዉት። ከዚያ በአሮጌ የስልክ ካርድ ወይም በማንኛውም ፕላስቲክ ግፉት፤ እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ዘይቱን በሳሙና፣ ከዚያ በአልኮል ጥረጉ። አልኮሉን አትተዉ፤ ዘይት የቀረበት መስታወት ማታ የፊት ለፊት መኪና ሲያበራ ያንጸባርቅባችኋል።

ምላጭ መስታወት ላይ ይፈቀዳል፤ እርጥብ ሆኖ፣ ተኝቶ፣ በአንድ አቅጣጫ። ቲንት ላይ ግን በፍጹም። የኋላ መስታወት ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ጉም የሚያጠፉ ሽቦዎች ናቸው፤ ምላጭ አንዴ ከቆረጣቸው አበቃ።

ሌላውን በአጭሩ ልበል። ሬንጅ አካሉ ላይ ከተረጨ ላምባ ያለበት ጨርቅ ያነሳዋል፤ ሁለቱም ከነዳጅ ዘር ናቸው። ወዲያው በሳሙና እጠቡት። የጥድ ሙጫ በአልኮል ይለቃል። ማስቲካ ወንበር ላይ ከተጣበቀ ሙቀት ሳይሆን በረዶ ነው የሚሻለው፤ ይደርቅና ይሰበራል። አሴቶን ኃይለኛ ነው። ሙጫ ይፈታል፣ ቀለምም ይፈታል፣ የፊት መብራቱን ፕላስቲክም ያደበዝዛል። የፍሬን ዘይት ደግሞ የመኪና ቀለም ያነሳል፤ በስህተት ከነካ ቶሎ በብዙ ውሃ እጠቡት። ምንም ነገር ከመቀባታችሁ በፊት በማይታይ ቦታ ሞክሩት።

ደብልዩ ዲ 40ን የማያውቅ ጋራዥ የለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ሳን ዲዬጎ፣ አሜሪካ ውስጥ ነው የተሠራው። ስሙ ውሃን ማባረር፣ 40ኛ ሙከራ ማለት ነው። መጀመሪያ የታሰበው የሚሳይል አካል እንዳይዝግ ነበር። ሙጫን ጥሩ ያለሰልሳል፣ ቀላል ዝገትም ያላቅቃል። ለከባድ ዝገት ግን ለዚያው ተብሎ የተሠራው ይበልጣል።

መሣሪያችሁ ራሱ የሚያጣብቅበት ጊዜም አለ። የካቻቢቴው ወይም የባትሪው ለስላሳ እጀታ ከዓመታት በኋላ ጣት ላይ እንደ ማር ይይዛል። ብዙ ሰው ቆሻሻ መስሎት በሳሙና ያጥባል፣ አይለቅም። ላዩ ላይ የተለበጠው ለስላሳ ሽፋን በአየር እርጥበትና በሙቀት እየፈረሰ ነው። በአልኮል እየጠረጋችሁ ሽፋኑን ጨርሳችሁ አንሱት። ከሥሩ ጠንካራው ፕላስቲክ ይወጣል፣ መሣሪያው ለዓመታት ያገለግላል።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልናገር። ሙጫም ሆነ ጥቀርሻ በቤንዚን አትጠቡ። አውቃለሁ፣ ቤንዚን ሁሉንም ይፈታል፣ ሁሌም አጠገባችን ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል። መሬት መሬቱን ተንፏቆ ይሄዳል። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ከበሩ ጥግ ቡና የምታፈላ እህት አለች፣ ከሰሏ መሬት ላይ ነው። ትነቱ የሚሄደው ወደዚያች ምድጃ ነው። ላምባ ቢያንስ 38 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ እንዲህ አይተንም። እሱም ከእሳት ይራቅ፣ በር ይከፈት። ቤንዚን ቆዳንም ያደርቃል፣ በሳምባም ይገባል። ለተለማማጅ ልጆች ቤንዚን በቆርቆሮ ሰጥታችሁ "እጠብ" የምትሉ አለቆች ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉ።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች ከዚህ በኋላ እያረጁ ነው የሚሄዱት። እያንዳንዱ ደኅና ቴስታታ ከዛሬ ነገ ይበልጥ ይወደዳል። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ዋጋ የጠየቃችሁ ታውቁታላችሁ።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ ብዬ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች እህት እጇን አወጣች። "ቪትስ አለኝ። አንዱ ካንዴላ ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ፣ መካኒኩ ነገ በቧንቧ እናወጣዋለን አለኝ። ምን ልበለው?" አለችኝ።

የመለስኩላት ይህን ነው። እህቴ፣ ዛሬ ማታ ደውይለት። ግማሽ ዙር ከዞረ በኋላ ከቆመ የያዘው ጥቀርሻ ነው፤ ማጥበቅ ቢሆን ከመጀመሪያውም አይነቃነቅም ነበር። ካንዴላውን ወደ ቦታው መልሶ ያስገባው። የካርቡሬተር ማጽጃ ወይም የዝገት ማላቀቂያ ይርጭበትና ይደር። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ በቲ ቁልፍ፣ ሩብ ሩብ ዙር እያለ ያውጣው። ቧንቧውን ከግቢው ያርቀው። ከወጣ በኋላ ካንዴላውን ተቀብለሽ ጥርሱን በጣትሽ ዳብሺው። ነጭ ክር ካልያዘ ቴስታታሽ ደኅና ነው።